የብስክሌተኛ ልብስና ዕቃ በአማርኛ፤ ስሙ ከየት መጣ፣ ግሡስ የማን ነው?

ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ኮሶዬን ያገኛል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ስትሆን ኮሶዬ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የወገራ ደጋ አፋፍ ላይ ይገኛል። አየሩ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ከከተማው በሸሚዝ ብቻ የተነሣ ብስክሌተኛ አፋፉ ላይ ሲደርስ ቁር ይገርፈዋል፤ ላቡ ከጀርባው ላይ ሳይደርቅ ፊቱን አዙሮ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ ነፋሱ ይብስበታል። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ አዲስ የሆነ ሰው ምን ለብሶና ምን ይዞ መውጣት እንደሚገባው የሚያስረዳ መምሪያ በአማርኛ ቢዘጋጅ እንደ ትርፍ ሥራ የሚቆጠር አይሆንም። በአዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመሮች ስለ ተሠሩ፣ ብስክሌት ለመንዳት አዲስ የሆነው ሕዝብ በደጋው መንገድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ሆኖም መምሪያውን ለመተርጐም ብዕሩን የሚያነሣ ሰው ገና በመጀመሪያው ገጽ የስም ችግር ይገጥመዋል። የራሱን መከለያ፣ የእጁን ልብስ፣ የጎማውን ውስጥ ምን ብሎ ይጥራቸው? ብስክሌተኛው፣ ባለ ሱቁና ጠጋኙ ቀድመው ያወጡለት ስም አለን? ካለስ ይበቃልን?

በዚህ ጽሑፍ የምናየው የነዚህን ስሞች ታሪክ ነው። ታሪኩን የምናነሣው ለታሪክነቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ ስሙ በቸልታ የተመረጠ እንደ ሆነ የአንባቢው ራስ የሚጎዳበት ቦታ ስላለ ነው።

በመጀመሪያ የዕቃው የራሱ ስም። ብዙ ሰው «ብስክሌት» ከጣልያንኛ የተገኘ ነው ብሎ ያስባል፤ የብስክሌት መለዋወጫ ስሞች አብዛኞቹ ከጣልያንኛ ስለ መጡ ግምቱ የሚያስገርም አይደለም። ድምፁ ግን ይህን አይመሰክርም። የጣልያንኛው ቃል «ቢቺክሌታ» ነው፤ በመካከሉ «ቺ» አለ፣ በመጨረሻውም «ታ» አለ። ቃሉን ከጣልያንኛ የወሰደችው ትግርኛ «ብሽክለታ» ስትል ሁለቱንም ምልክቶች ጠብቃለች፤ «ቺ» ወደ «ሽ» ተለወጠ እንጂ አልጠፋም፣ የመጨረሻው አናባቢም አለ። አማርኛ ግን «ስ» አለው፤ በ«ት»ም ያልቃል። ይህ የፈረንሳይኛው «ቢሲክሌት» መልክ ነው። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ቃሉ በ«ባይ» ይጀምር ነበር። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪደርስና ከዚያም በኋላ፣ ፈረንሳይኛ የንግዱና የትምህርት ቤቱ የውጭ ቋንቋ እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ቃሉ በዚያ በር ገባ ማለት አያስቸግርም። እንግዲህ ሁለቱ እኅትማማች ቋንቋዎች አንዱን ዕቃ ከሁለት ጌታ ተቀበሉት ማለት ነው።

መለዋወጫውና መጠገኛው ከዚህ የተለየ ታሪክ አላቸው። የጣልያን ጦር ጎንደር የገባው መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በአካባቢው የነበረው የመጨረሻው ትልቅ የጣልያን ጦር እጁን የሰጠውም እዚያው ጎንደር ላይ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በነበሩት ከአምስት ዓመት በላይ በሆኑ ጊዜያት ከአሥመራ በወልቂፊት በኩል አድርጎ፣ ደባርቅንና ኮሶዬን አልፎ ጎንደር የሚደርሰው የመኪና መንገድ ተሠራ። መንገድ ባለበት ጋራዥ አለ፤ ጋራዥ ባለበት የመፍቻው፣ የጎማውና የብሎኑ ስም አለ። ይህ የሆነው በጎንደር ብቻ አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላም በአሥመራና በአዲስ አበባ የቀሩ ጣልያኖች ጋራዥ ከፍተው ስለ ነበር ቃላቱ ከመምህር ወደ ተለማማጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቻቢቴ፣ ማስቲሽ የተባሉት ሁሉ ከጣልያንኛ ናቸው፤ ጎማ የሚጠግነውም «ጎሚስታ» ነው።

ከነዚህ ውስጥ የጎማው ውስጥ ስም ለቋንቋ አጥኚ ልዩ ደስታ የሚሰጥ ነው። ጣልያኖች «ካሜራ ዳሪያ» ይሉታል፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ግን ሐረጉን እንደ አንድ ቃል ሰማው። ከዚያም በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት «ር» መደጋገሙ ለአፍ ስለ ከበደ አንደኛው ተለወጠ፤ አንዱ ወገን «ከመነዳሪ» አለ፣ ሌላው ወገን የ«መ»ንም ቦታ አዛውሮ «ካላማዳሪ» አለ። ሁለቱም መልኮች፣ ከመካከላቸው ካሉ ሌሎች ቅርጾች ጋር፣ እስከ ዛሬ በጨረታ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ይጻፋሉ። እኛ «ከመነዳሪ»ን እንመርጣለን፤ ከምንጩ ብዙ ስላልራቀ ነው። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላት ሌላውንም መልክ ወደ ዋናው እየጠቆመ ማስገባት ይኖርበታል። የኮሶዬው መንገደኛ ጎማው ሲተነፍስበት በአቅራቢያው ያለው ጠጋኝ የትኛውን እንደሚል አይታወቅምና።

ሁለት ቃላት ጥንቃቄ ይሻሉ። «ካቴና» ከጣልያንኛው «ካቴና» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሰንሰለት ነው። በአማርኛ ግን ቃሉ የእስረኛ እጅ ማሰሪያ ሆኖ ጸና። ጋራዥ ውስጥ ባለሙያው የብስክሌቱን ሰንሰለት ካቴና ቢለው አያስቸግርም፤ በመምሪያ ላይ «ከመውጣትዎ በፊት ካቴናዎን ዘይት ይቀቡ» ተብሎ ቢጻፍ ግን አንባቢው ሳይስቅ አያልፈውም። ለጽሑፍ «ሰንሰለት» ይሻላል። ሁለተኛው «ማርሽ» ነው። ድምፁን ብናዳምጥ ፈረንሳይኛውን «ማርሽ» ይመስላል፤ ፍቺው ግን ከጣልያንኛው «ማርቻ» ጋር ይስማማል፣ ጣልያኖች የመኪናንም ሆነ የብስክሌትን የፍጥነት ደረጃ በዚህ ስም ይጠሩታልና። በአንዱ በር ድምፁ፣ በሌላው በር ትርጉሙ የገባ ይመስለናል።

አሁን ወደ ልብሱ እንለፍ። የጀማሪ ብስክሌተኛ ልብስ በአማርኛ ሲዘረዘር የምናገኘው ነገር እጅግ አስገራሚ ነው፤ ከላይ እስከ ታች የጣልያንኛ ስም የለበሰ ሰው ይታየናል። ማሊያው «ማልያ» ከሚለው ነው፤ መነሻ ፍቺው የተጠለፈ ክር፣ ቀጥሎም ሹራብ ነው። በጣልያን ዙር የብስክሌት ውድድር መሪው ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለብሰው ሮዝ ማሊያም በዚሁ ቃል ይጠራል። አማርኛ ቃሉን ለእግር ኳሱም ለሩጫውም አድርጎታል። በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትካፈል ብስክሌተኞችም ከተወዳዳሪዎቿ መካከል እንደ ነበሩ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ ስናስብ፣ ማሊያ በቋንቋችን የብስክሌትም ልብስ ለመሆን በቂ ዕድሜ አለው።

ካልሲና ጓንት አንድ ላይ መታየት ይገባቸዋል። «ካልሲ» የመጣው ከብዙ ቁጥሩ «ካልዜ» ነው፤ «ጓንቲ» የሚለውም መልክ እንዲሁ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው «ጓንቶ» ነው። ጥንድ ሆኖ የሚሸጥን ዕቃ ገዢው የሚሰማው በብዙ ቁጥር ስለ ሆነ አማርኛ ብዙ ቁጥሩን እንደ ነጠላ ተቀበለው፤ ከዚያም እንደ ራሱ ሥርዓት «ካልሲዎች» ብሎ ዳግመኛ አበዛው። ሙታንቲም ከ«ሙታንዴ» በዚሁ መንገድ መጥቷል። ቱታ ደግሞ ለእኛ ለቃላት ሠራተኞች የቅርብ ዘመድ ነው ማለት እንችላለን። ቃሉ ከጥንት የወረደ አይደለም፤ በ1920 እ.ኤ.አ. ገደማ ታያት የተባለው የፍሎረንስ ሠዓሊ ልብሱን ሲፈጥር ስሙንም አብሮ ፈጠረው። ተፈጥሮ የወጣ ቃል ከፍሎረንስ ተነሥቶ ጎንደር ደርሶ፣ ተናጋሪው ተፈጣሪ መሆኑን ሳይጠረጥር ሲኖር ማየት ለሙያችን ተስፋ የሚሰጥ ነው። የሱሪን ጫፍ ከሰንሰለቱ የሚጠብቀው ገንባሌም ከጣልያንኛው «ጋምባሌ» ጋር ይገናኛል፤ ይህ ግን ከብስክሌት ይልቅ ከፈረስና ከወታደር ጋር የመጣ ነው።

ከፈረስ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባናል። ጎንደርና ወገራ የፈረሰኛ አገር ናቸው፤ የፈረሱ ዕቃ ስም ተሟልቶ ሳለ ብስክሌቱ ለምን ሁሉንም አልወረሰም? ጋላቢ ወርሷል፤ ብስክሌት ይጋለባል። ኮርቻ ወርሷል፤ መቀመጫ የሚሉም ቢኖሩ ኮርቻ ይታወቃል። ልጓምና እርካብ ግን ሳይወረሱ ቀሩ። ምክንያቱ ከሥራቸው የሚገኝ ይመስለናል። እርካብ እግርን ይሸከማል እንጂ አይገፋም፤ ፔዳል ግን የሚመታና የሚገፋ ነው። ልጓም ሌላ ፈቃድ ያለውን ፍጡር ይገታል፤ ብስክሌት ግን የራሱ ፈቃድ የለውም፣ ስለዚህ የሚያዘው «መሪ» ተባለ፣ የሚገታው «ፍሬን» ሆነ። ተናጋሪው ቃል ሲወርስ ቅርጹን ሳይሆን ሥራውን ተመልክቷል። ከፈረሰኛ ልብስም ከጉልበት በታች የሚጠብቀው የተፈሪ ሱሪ ለብስክሌት የተመቸ ነበር፤ ነገር ግን ፋሽኑ ራሱ አለፈ።

እስካሁን ያየነው ስምን ነው። ግሡን ስንመረምር ሁኔታው ይገለበጣል። ጎማ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ ይለጠፋል፤ ፍሬን ይያዛል፤ ማርሽ ይለወጣል፤ ብሎን ይጠብቃል፣ ይላላል። ስሙ ከባሕር ማዶ የመጣውን ዕቃ የሚያንቀሳቅሰው ግሥ ሁሉ የአገር ነው። ከግሡም አዲስ ስም ይወለዳል፤ ከ«ነፋ» «መንፊያ» ወጥቶ «ፖምፓ»ን ይገፋል፣ ከ«ቆለፈ» «መቆለፊያ»፣ ከ«አንጸባረቀ» የሌሊቱ «አንጸባራቂ» ይወጣል። «መነጽር»ም ከግዕዙ «ነጸረ» የወጣ ስለ ሆነ ጣልያንኛው «ኦኪያሊ» በአማርኛ ቦታ አላገኘም። የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የስያሜ ሥራ ሲሠራ የሚመረጠው መንገድ ይኸው የግሥ መንገድ ነበር፤ ከግዕዝ ሥር ማውጣትም አብሮት ይሄዳል። «ርዕዮተ ዓለም» የመሰለ ቃል ጋዜጣና ስብሰባ ላይ ስለሚኖር ጸንቷል። ለሱቅ ዕቃ ግን ጋዜጣ ብቻ አይበቃም፤ ገዢው ጠርቶት ሻጩ ከመደርደሪያ የሚያወርደው መሆን አለበት። ጓንትን ትቶ «የእጅ ሽፋን»፣ ካልሲን ትቶ «የእግር ሹራብ» የሚል ተርጓሚ ንጹሕ አማርኛ የጻፈ ይመስለው ይሆናል፤ ለአንባቢው ግን ያለ ቦታው ችግር ፈጠረበት።

የመልበስ ግሦች ደግሞ ለብቻቸው ይታዩ። እንግሊዝኛ ለራስም፣ ለእጅም፣ ለእግርም፣ ለዓይንም አንድ ግሥ ይበቃዋል። አማርኛ ማሊያ ይለብሳል፣ ሱሪ ይታጠቃል፣ ጫማ ይጫማል፣ ጓንትና ካልሲ ያጠልቃል፣ ጃኬት ይደርባል፣ ጋቢ ይከናነባል፣ ሻሽ ያስራል፣ ቆብ ይደፋል። «አደረገ» ሁሉንም ሊተካ ይችላል፤ ሰነፍ ትርጉም በ«ያድርጉ» የሚሞላውም ለዚህ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ግሥ ልብሱ በአካል ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ይነግራል። የታጠቁት ጠብቋል፤ ያጠለቁት ገብቷል፤ የደረቡት ከላይ ያለ፣ ሊወልቅ የተዘጋጀ ነው፤ የተከናነቡት ተንጠልጥሏል። ጋቢ ተከናንቦ ብስክሌት መንዳት የማይገባው ለምን እንደ ሆነ ግሡ ራሱ ይናገራል፤ የተንጠለጠለ ጫፍ ወደ ሰንሰለትና ወደ ጎማ መንገዱን አያጣም።

የመምሪያው ከባዱ ቃል ከዚህ ይመጣል፤ እርሱም ራስን ከአደጋ የሚጠብቀው ዕቃ ስም ነው። በብስክሌት ውድድር ዓለም ራሱ ነገሩ የቆየ አይደለም፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ለባለሙያ ተወዳዳሪዎች ግዴታ ያደረገው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይህም የካዛክስታኑ አንድሬ ኪቪሌቭ በዚያው ዓመት በፓሪስ–ኒስ ውድድር ወድቆ ከሞተ በኋላ ነበር። በአማርኛ አራት ስሞች ይፎካከራሉ። «ቆብ» ቀላል ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ቆብ የመነኩሴም የሕፃንም የጨርቅ ልብስ ስለ ሆነ «ቆብ ያድርጉ» ተብሎ የተነገረው ጀማሪ የሹራብ ቆቡን ደፍቶ ቢወጣ ትእዛዙን ፈጽሟል። «ባርኔጣ» ከፀሐይ ይጠብቃል እንጂ ከድንጋይ አይጠብቅም። «ሄልሜት» በሞተረኞች አፍ የታወቀ ነው፤ ሱቅ ገብቶ ለመጠየቅ ከሁሉ ይቀላል። አራተኛው «ራስ ቁር» ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጎልያድ በራሱ ላይ የናስ ቁር ነበረው፤ በኤፌሶን መልእክትም የመዳን ራስ ቁር አለ። ቃሉ ከጥንት ጀምሮ ከምት የሚከላከል የራስ ዕቃ ነውና ለብስክሌቱ ዕቃ ከሁሉ የቀረበ ነው እንላለን።

ሁለት ችግር ግን አለበት። አንደኛው «ቁር» ብርድም ማለት መሆኑ ነው። ቆላ ላይ ይህ አያሳስብም፤ በኮሶዬ አፋፍ ላይ ግን «ለቁር የሚሆን» ሲባል አንባቢው ሹራብ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን «ቁር» ተብሎ መጻፍ የለበትም፤ ሁልጊዜ «ራስ ቁር»፣ በመጀመሪያው አጠራር ላይም «ሄልሜት» ተጨምሮበት ሊጻፍ ይገባል። ሁለተኛው ችግር የጥንቱ ቁር የናስ መሆኑ ነው። የዛሬው የብስክሌት ራስ ቁር ውስጡ ቀላል ፎም ሲሆን የተሠራውም በምቱ ጊዜ ራሱ ተደቅቆ የምቱን ኃይል እንዲቀበል ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ራስ ቁር ላዩ ደኅና ቢመስልም አገልግሎቱ አብቅቷል፤ ይለወጣል። «ጠንካራ ቆብ» ብለው የተረጐሙት ሰዎች አሉ፤ ይህ አጠራር የናሱን አሳብ አጠንክሮ፣ ባለቤቱ የተሰነጠቀውን ዕቃ ዓመት ሙሉ እንዲደፋው የሚገፋፋ ስለ ሆነ አንቀበለውም።

ግሡስ? ልማዱ «ደፋ» ነው። ማሰሮ ይደፋል፣ ቆብ ይደፋል፣ ቁርም ይደፋል። የተደፋ ነገር የሚጸናው በክብደቱ ብቻ ነው፤ ቢነቀንቁት ይወድቃል። የብስክሌት ራስ ቁር ግን ከአገጭ ሥር ካልታሰረ ገና አሽከርካሪው መሬት ሳይነካ ከራሱ ይለያል። እንግሊዝኛው ግሥ ስለ ማሰሪያው ዝም ቢል አንባቢው ከልማድ ያውቀው ይሆናል፤ አማርኛው «ይድፉ» ሲል ግን ዝም አላለም፣ አለመታሰሩን ተናገረ። ስለዚህ ተርጓሚው በምንጩ ያለውን አንድ ግሥ በሁለት ግሥ መተርጐም ግዴታው ነው፤ «ራስ ቁሩን ከቅንድብዎ በላይ ሁለት ጣት ያህል አስተካክለው ይድፉ፤ የአገጩን ማሰሪያ ይሰሩ» ማለት አለበት። በመዝገበ ቃላትም «ራስ ቁር» በሚለው ሥር ማሰሪያው የፍቺው አካል ሆኖ መግባት ይገባዋል፤ ያለ ማሰሪያ የተፈታው ፍቺ የጎልያድ እንጂ የብስክሌተኛ አይደለም።

ገና ያልረጋ አንድ ዕቃ ይቀራል። ረጅም መንገድ ለሚሄድ ጀማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ውስጡ መደላድል ያለው ቁምጣ ነው። አውሮፓውያን ይህን መደላድል እስከ ዛሬ የሚጠሩት በአንድ የተራራ ፍየል ስም ነው፤ ቀድሞ ከዚያ እንስሳ ቆዳ ይሠራ ስለ ነበር ነው፣ አሁን ግን ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሆኗል። ይህን ስም ቃል በቃል «የፍየል ቆዳ» ብሎ የሚመልስ ሰው በወገራ ገበያ ደኅና አጎዛ ይገዛ ይሆናል፤ ኮርቻው ላይ ቢያነጥፈውም አንጣላውም፣ መምሪያው የሚለው ግን እርሱን አይደለም። «ቁምጣ» ከ«ቆመጠ» የወጣ የአገር ቃል ስለ ሆነና የሚታወቅም ስለ ሆነ «ባለ መደላድል ቁምጣ» እንዲባል እናቀርባለን። የሚለበሰው ያለ ሙታንቲ መሆኑ በመምሪያው ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ በዚህ ነገር ብዙ ትርጉሞች አፍረው ስለሚያልፉት ጀማሪው ከኮሶዬ ሲመለስ ሊቀመጥ ይቸገራል።